ስለ ነፋስና ስለ ሰው ቀን

በቡሌ ደጋ ገብስ ታጭዶና ተበራይቶ በዐውድማ ላይ በተከመረ ጊዜ ገበሬው የሚጠብቀው ነፋስን ነው። ነፋስ ካልመጣ ላይዳውን አስቀምጦ ይጠብቃል፤ ነፋስ ሲነሣ ተነሥቶ እህሉን ወደ ላይ ይበትናል፤ ገለባው በአንድ ወገን፣ ፍሬው በሌላ ወገን ይወድቃል። ደመና ከብዶ ዝናብ ሊወርድ ሲል ደግሞ ምርቱን ይሸፍናል እንጂ «የገብሱ ቀን ደርሶ ይሆናል» ብሎ እጁን አጣጥፎ አይመለከትም። እንዲህ ያደረገ ሰው ቢገኝ ጎረቤቱ ሁሉ ሰነፍ ይለዋል፤ የሚያዝንለትም ጥቂት ነው።

ከጌዴኦ ተራሮች ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ ከዲላ በታች ያለውን ቆላ አልፎ መጨረሻው አባያ ሐይቅ ነው። በዚያም ነፋስ ይነፍሳል፤ ነገር ግን በዐውድማ ላይ ረዳት የነበረው በሐይቁ ላይ ጠላት ሆኖ ይገኛል። አባያ ስፋቱ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ርዝመቱም ከ60 ኪሎ ሜትር የማያንስ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከ10 ሜትር አይበልጥም፤ ደለል ስለሚበዛበትም መልኩ ቀላ ያለ ነው። ነፋስ እንዲህ ባለ ረጅምና ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ የሚገታው ሳያገኝ ሲነጉድ፣ ማዕበሉ እርስ በርሱ ተቀራርቦ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ በቶሎ ይነሣል። በሐይቁ ውስጥ ባለችው በጊዲቾ ደሴትና በዙሪያዋ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች፣ በውሃ ዳር ከሚበቅል ቀላል ግንድ ታንኳ አስረው መቅዘፍ የቆየ ሙያቸው ነው። በጣናም ሐይቅ ታንኳ ከደንገል ይሠራል። እንዲህ ያለው ታንኳ በቀላሉ አይሰጥምም፤ ነገር ግን ቀዛፊውን ከማዕበል የሚከልልበት ከፍ ያለ ጠርዝ የለውም። በአባያ ወደ ውሃ የወደቀ ሰው ደግሞ የሚፈራው መስጠምን ብቻ አይደለም፤ አዞና ጉማሬም አሉና።

ይህ ሆኖ ሳለ፣ ዓሣ አጥማጅ ወጥቶ ሳይመለስ የቀረ እንደ ሆነ በለቅሶ ቤት የሚሰማው ቃል በዐውድማ ከሚሰማው የተለየ ነው። «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል፤ «ቀኑ ሳይደርስ ማንም አይሞትም» ይባላል። ስለ ገብስ ሲነገር ማንም የማይቀበለውን ምክንያት ስለ ሰው ሲነገር ሁሉ የሚቀበለው ስለ ምንድን ነው? ሰው ከገብስ ይበልጣልና ጥንቃቄውም ለእርሱ ሊበዛ ይገባ ነበር። እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው ይህ ነው፤ «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ቃል እውነተኛ ማጽናኛ ነውን? ወይስ የሰውን ስሕተት መሸፈኛ ነው?

ለዚህ መልስ ለማግኘት አስቀድሞ «ያልታሰበ ነፋስ» የሚባለውን መለየት ያስፈልጋል። ያልታሰበው ሁሉ ሊታሰብ የማይቻል አይደለምና። አንደኛው ነፋስ ጊዜውን ጠብቆ የሚመላለስ ነው። ቀን ፀሐይ የብሱን ከውሃው ይልቅ ፈጥና ታሞቀዋለች፤ በየብስ ላይ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲወጣ፣ በሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ስፍራውን ሊይዝ ወደ ዳር ይነፍሳል፤ ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ ጠዋት እንደ መስተዋት የነበረ ውሃ ከቀትር በኋላ ቢናወጥ ይህ ለልማደኛ ቀዛፊ አዲስ ነገር አይደለም። የባሕር ሙላት በሚደርስባቸው የሌላ አገር ወንዞችም እንዲሁ ነው፤ ውሃው ሞልቶ ወደ ባሕር መመለስ ሲጀምር ከባሕር ከሚመጣው ነፋስ ጋር ይጋጠማል፤ ማዕበሉም ይከፋል። ሰዓቱ ግን አስቀድሞ በሒሳብ የሚታወቅ ነው።

ሁለተኛው ነፋስ በየቀኑ ባይመጣም ምልክቱን አስቀድሞ የሚልክ ነው። ጥቁር ደመና ሲከመር፣ ከደመናው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ነክቶ ወደ ጎን ይፈስሳል፤ ብዙ ጊዜም ከዝናቡ ቀድሞ ይደርሳል። በሩቅ ያለው ውሃ ይጠቁራል፤ የማዕበሉ ጫፍ ነጭ አረፋ ያወጣል፤ ፊትን ድንገት ብርድ ይነካዋል። ከየብስ ወደ ሐይቅ የሚነፍሰውም አታላይ ነው፤ ዛፍና ኮረብታ ስለሚጋርዱት በዳር ያለው ውሃ ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ታንኳው እየራቀ ሲሄድ ግን ነፋሱ ይበረታል፤ የመመለሻውም መንገድ ፊት ለፊት ከነፋሱ ጋር ይሆናል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ በሄደበት ጉልበት ለመመለስ ያሰበ ቀዛፊ ሒሳቡን ስቷል።

ሦስተኛው ግን ልማድም ምልክትም ያላስታወቀው ነፋስ ነው። በእርግጥ ያልታሰበ ሊባል የሚገባው ይህ ብቻ ነው። ስለዚህኛውም ቢሆን ሰው የሚያደርገው አላጣም። በሰሜን ዋልታ አጠገብ በግሪንላንድ የሚኖሩ አዳኞች አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ በቆዳ የተለበጠች ካያክ የምትባል ጠባብ ታንኳ ነበረቻቸው። ታንኳዪቱ በበረዶ ውሃ ውስጥ ብትገለበጥ፣ ከውስጧ ሳይወጡ በመቅዘፊያ መልሰው የሚያቀኑበትን ጥበብ ይማሩ ነበር። ነፋሱ መቼ እንደሚመጣ ስላላወቁ፣ በመጣ ጊዜ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው አወቁ። ከዳር አለመራቅ፣ ብቻ አለመውጣት፣ የመመለሻን ሰዓት ለቤተ ሰብ መናገር፣ ሰውን በውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ነገር ይዞ መሄድ የዚሁ ጥበብ ወገን ነው።

«እንዲህ ያለው ብልሃት በእግዚአብሔር ላይ ያለውን እምነት ያሳንሳል» የሚል ቢኖር የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 27 ያስብ። ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮሜ ሲወሰድ፣ የመርከብ ጉዞ የሚያስፈራበት ወራት እንደ ደረሰ በቀርጤስ አስጠነቀቀ። የመቶ አለቃው ግን ከእርሱ ይልቅ የመርከቡን መሪና ባለቤቱን አመነ። ለስላሳ የደቡብ ነፋስ በነፈሰም ጊዜ አሳባቸው የተፈጸመ መሰላቸው፤ ብዙ ሳይቆይም አውራቂስ የተባለው ዐውሎ ነፋስ መጣባቸው። በመርከቡ ከነበሩት 276 ነፍሳት አንድ ስንኳ እንደማይጠፋ ለጳውሎስ ተስፋ ተሰጠው። ነገር ግን መርከበኞቹ በታንኳ ተሰውረው ሊያመልጡ በፈለጉ ጊዜ፣ እነርሱ ካልቀሩ ሌሎቹ ሊድኑ እንደማይችሉ የተናገረው ተስፋውን የተቀበለው ጳውሎስ ራሱ ነው። ስለዚህ ከላይ የተሰጠው ተስፋ የመርከበኛውን ሙያ አልሻረም፤ በእርሱም እጅ ተፈጸመ እንጂ።

አሁን ሦስት ዓሣ አጥማጆች በአሳብ ይቅረቡ። ሦስቱም በአንድ ጠዋት ወጥተው በቅርብ የጣሉትን መረብ ሰብስበዋል፤ እያንዳንዳቸውም በሩቅ የጣሉት አንድ አንድ መረብ ቀርቷቸዋል። በዚያን ጊዜ ውሃው በሩቅ ሲጠቁር ሦስቱም አዩ። አንዱ ወደ ሩቁ መረብ ሄዶ ዓሣውን ሞልቶ ተመለሰ፤ ሰዎችም ጀግና አሉት። ሁለተኛው ሄዶ ቀረ፤ ቀኑ ደርሶ ነው አሉ። ሦስተኛው መረቡን ትቶ ወደ ዳር ቀዘፈ፤ ፈሪ አሉት፤ በማግሥቱም መረቡ ተቀዳዶ አገኘው። የፊተኞቹ ሁለቱ ግን ያዩት አንድ፣ የወሰኑትም አንድ ነበር፤ የለያቸው የነፋሱ መድረሻ ደቂቃ ብቻ ነው። በደኅና መመለሱ አንዱን ጠቢብ ካላደረገው፣ አለመመለሱም ሌላውን ከእርሱ የባሰ ሞኝ አያደርገውም። የሰው ውሳኔ የሚመዘነው በወሰነበት ሰዓት ሊያውቅ በሚችለው ነውና። የሦስተኛው ጥበብ ግን ምስክር የለውም። ያልደረሰበትን ሞት ማን ያያል? ልጆቹ አባታቸውን ሲያገኙ ዘወትር እንደሚያገኙት መስሏቸው ምስጋና አያቀርቡም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ በቅጠል ያጠፋውን ሰው የሚያመሰግን ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ምልክቱን እያየ የሄደው ሰው ልጆቹ ያለ እራት ቢያድሩበትስ? መረቡ በብድር የተገዛ ቢሆንስ? ለእንዲህ ያለው ሰው ጥንቃቄን መስበክ ለጠገበ ይቀላል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ነገር ግን ጥፋቱን ወደ «ቀን» አያስተላልፈውም፤ ለብዙዎች ያካፍለዋል እንጂ። በደረቅ መሬት ተቀምጦ ከዓሣው ድርሻ የሚወስድ፣ ከነፋሱ ግን ድርሻ የሌለው ሰው፣ በዐውሎ ቀን «ለምን ባዶ እጅህን መጣህ?» ብሎ ከጠየቀ በታንኳው ላይ ሳይታይ አብሮ ተሳፍሯል።

ይህ በሌላውም ዓለም ታይቷል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. በጥቅምት ወር «ሮያል ቻርተር» የምትባል መርከብ በዌልስ ጠረፍ በዐውሎ ነፋስ ተሰብራ 450 ያህል ሰዎች ሞቱ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኰንን ሮበርት ፊትዝሮይ ይህን ዕጣ ነው ብሎ አልተወውም፤ በ1861 ዓ.ም. የነፋስን ወሬ በቴሌግራፍ እየሰበሰበ ወደቦች የማስጠንቀቂያ ምልክት እንዲሰቅሉ አደረገ። ትንበያው አንዳንድ ጊዜ ይስት ስለ ነበር ተነቀፈ፤ ጀልባዎቹ በወደብ ሲውሉ ገቢያቸው የቀረባቸው ባለ ጀልባዎችም ተቃወሙት። እርሱ በ1865 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ማስጠንቀቂያው በ1866 ዓ.ም. ቢቋረጥ፣ ይመለስልን የሚል ጩኸት ተነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ተጀመረ። ነፋሱ ያው የቀድሞው ነፋስ ነበር፤ የተለወጠው ሰው ስለ ነፋሱ ያለበትን ኀላፊነት መቀበሉ ነው።

እንግዲህ «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ቃል ይጣልን? አይጣል። ባሏን በውሃ ለተነጠቀች ሴት፣ እዝን በቀረበበት ቤት፣ ሟቹ ደመናውን አይቶ እንደ ነበር መንገር ጭካኔ ነው፤ ከፊተኛው ዓሣ አጥማጅ በምንም አላነሰምና እርሱን ብቻ መክሰስም ግፍ ነው። በዚያ ቤት የሚገባው «እግዜር ያጽናችሁ» ማለት፣ የተረፉትንም ልጆች ማሰብ ነው። ነገር ግን ያ ቃል ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ወደ ሐይቁ ዳር መውረድ የለበትም። በለቅሶ ቤት ያዘነውን ያሳርፋል፤ በሐይቁ ዳር ግን ሊሄድ የተነሣውን ያታልላል። ሰልስቱ ካለፈ በኋላ፣ የሚቀጥለው ታንኳ ሳይገፋ፣ ሽማግሌውም ካህኑም ወጣቶቹን ሰብስበው የጠቆረው ውሃ በየት በኩል እንደ ታየ፣ በስንት ሰዓት እንደ ደረሰ፣ መመለስ ይቻል የነበረው እስከ የት እንደ ነበር ቢጠይቁ ለሟቹ መልካም መታሰቢያ ይሆናል። መረቡን ትቶ የተመለሰውንም ሰው ከመካከላቸው አስነሥተው ያየውን እንዲናገር ያድርጉት፤ የተቀደደውንም መረብ ተባብረው ይጠግኑለት። ያን ያዩ ወጣቶች በሌላ ቀን ነፋስ ሲነሣ ባዶ እጃቸውን ለመመለስ አያፍሩም።