የጀመሩት ስጦታ አደራ ስለ መሆኑ

ሰው ከገንዘቡ ከፍሎ ለሌላው መስጠቱና አለመስጠቱ በገዛ ፈቃዱ ነው። ቢሰጥ ይመሰገናል፤ ባይሰጥም በዳኛ ፊት የሚከሰው የለም። ነገር ግን መስጠት ከጀመረ በኋላ፥ ተቀባዩም ኑሮውን በዚያ ስጦታ ላይ ካቆመ በኋላ፥ ሰጪው እንደ ቀድሞው ነጻ ነውን? ወይስ መጀመሩ ራሱ ግዴታ ያመጣበታል? ይህ ጥያቄ በጎረቤታሞች መካከል ብቻ ሳይሆን በመንግሥታትም መካከል የሚነሣ ሆኖ ስላገኘነው፥ ጥቂት ልንመረምረው ወደድን።

የጎጃም ገበሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ካገኘ ቆይቶአል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው እንደርሱ አንድ በሬ ካለው ባልንጀራው ጋራ ይቀናጃል፤ ሁለቱንም በሬዎች በአንድ ቀንበር ጠምደው አንድ ቀን የአንዱን፥ ሌላ ቀን የሁለተኛውን መሬት ያርሳሉ። አልቀናጅም ያለ ሰው አይነቀፍም፤ በሬው የራሱ ነውና። ዳሩ ግን ከተቀናጀ በኋላ፥ የባልንጀራው መሬት ገና እኩሌታው ሳይታረስ፥ ክረምቱም ገብቶ ሌላ የሚቀናጁት ሰው በማይገኝበት ወራት በሬውን ፈትቶ ቢወስድ፥ «በሬው የኔ ነው» ማለቱ ከነቀፋ አያድነውም። በሬው የርሱ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን የባልንጀራው መሬት ጦሙን የሚያድረው እርሱን በማመኑ ምክንያት ነው፤ እርሱን ባያምን ኖሮ በጊዜው ሌላ በፈለገ ነበር።

አሁን ከገበሬው ቀንበር ወደ መንግሥታት ርዳታ እንሻገር። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ገንዘብ የመመደብን ሥልጣን ለኮንግሬስ ሰጥቶአል፤ ይሁን እንጂ ርዳታው ወደ ውጭ አገር የሚፈስበትን በር ሲከፍትና ሲዘጋ ብዙ ጊዜ የታየው የፕሬዚዳንቱ ብዕር ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን ጥር 12 ቀን 1941 ዓ.ም. በሹመታቸው በዓል ባደረጉት ንግግር፥ በአራተኛው ነጥብ፥ አሜሪካ እውቀቷን ለድኾች አገሮች እንድታካፍል አሳሰቡ። በአገራችን «ፖይንት ፎር» እየተባለ የታወቀው ርዳታ ከዚህ መጣ፤ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅም በዚሁ ርዳታ ተቋቋመ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1953 ዓ.ም. የሰላም ጓድን፥ በጥቅምት ወር 1954 ዓ.ም. ደግሞ ዩኤስኤይድ የተባለውን የርዳታ መሥሪያ ቤት በትእዛዝ አቆሙ፤ ከሰላም ጓድ መምህራንም በደብረ ማርቆስ ያስተማሩ ነበሩ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ልጅየው በጥር ወር 1995 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ በሽተኞችን የሚረዳ ታላቅ ሥራ እንዲጀመር በኮንግሬስ ፊት ተናገሩ፤ ኢትዮጵያም መጀመሪያ ከተመረጡት አገሮች አንዲቱ ሆነች።

ከትሩማን ንግግር 76 ዓመት በኋላ፥ በዚያው በጥር 12 ቀን፥ በ2017 ዓ.ም.፥ በአገራችን ቃና ዘገሊላ ሲከበር፥ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በሹመታቸው ዕለት የውጭ ልማት ርዳታ ለ90 ቀን ቆሞ ከአሜሪካ ጥቅም ጋራ መስማማቱ እንዲመረመር በፊርማቸው አዘዙ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ በዚያ ገንዘብ ደመወዛቸውን ይቀበሉ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው መቋረጡ በኢትዮጵያ ተሰማ። ሕይወት የሚያድን ርዳታ እንዲቀጥል ኋላ ተፈቀደ፤ ነገር ግን መጋቢት 1 ቀን ከዩኤስኤይድ ሥራዎች ከመቶ 83ቱ መሰረዛቸው ተነገረ፤ ሰኔ 24 ቀንም መሥሪያ ቤቱ ርዳታ መስጠቱን አቁሞ የቀረው ሥራ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተላለፈ።

ዘጠና ቀን ለመሥሪያ ቤት አጭር ጊዜ ነው፤ መዝገብ ለመመርመርም አይበቃ ይሆናል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ግን በየቀኑ፥ እስከ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። ቢቋረጥ ተዳክሞ የነበረው ተሐዋሲ እንደ ገና ይበረታል፤ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። እንግዲህ ለዚህ በሽተኛ መድኃኒቱን መስጠት የጀመረ ሰው፥ አንድ ቀን ምጽዋት ሰጥቶ መንገዱን እንደ ቀጠለ መንገደኛ ሊቆጠር አይችልም፤ የሰው ነፍስ በአደራ ተቀብሎአል።

እኛን ይበልጥ የሚቀርበን ምሳሌ ደግሞ ጎጃምን ከቦ የሚወርደው ዓባይ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ መሐንዲሶች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋራ በመተባበር የዓባይን ሸለቆ መርምረው፥ ካራዶቢንና የሱዳን ጠረፍ አጠገብ ያለውን ስፍራ ጨምሮ ግድብ የሚሠራባቸውን ቦታዎች አመለከቱ። ይህ ጥናት ራሱ ርዳታ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ፍጻሜ ግን በዚያው ወንዝ ላይ በሚሠራው ግድብ ምክንያት፥ በፕሬዚዳንት ትራምፕ መሪነት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚሆን ርዳታ ታገደ። በየካቲት ወር 2013 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት ባይደን መንግሥት ርዳታውን ከግድቡ ነገር ለየው። በነዚህ ወራት ወንዙ አልተለወጠም፥ ችግረኛውም አልተለወጠም፤ የተለወጠው በዋሽንግተን ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ብርቱ ክርክር ይነሣል። አንደኛው፥ ገንዘቡ ግብር የከፈለው የአሜሪካ ሕዝብ ነው፤ ሕዝቡም ይህን አደርጋለሁ ያለውን ሰው ከመረጠ፥ ተመራጩ ቃሉን መፈጸሙ እንዴት ይነቀፋል? የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ለዘላለም ስጡ የሚል ሕግም የለም። ቢሆንም መቀናጆውን ሊያፈርስ የፈለገ ገበሬ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ለባልንጀራው አስቀድሞ ይነግረዋል እንጂ በዘር ሰሞን ቀንበሩን አይፈታም። ስለዚህ መተው የሰጪው መብት ነው፤ ሳያስታውቁ መተው ግን አደራ መብላት ነው።

ሁለተኛው፥ ተቀባዩ ራሱ አደራ በልቶ እንደ ሆነስ? የሚል ነው። በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. ለችግረኛ የመጣው እህል ወደ ሌላ መንገድ መዞሩ ስለ ታወቀ፥ ዩኤስኤይድ በመላው ኢትዮጵያ የምግብ ርዳታውን ለወራት አቁሞ ነበር። በዚህ ነገር ሰጪውን ብቻ ልንወቅስ አይገባንም፤ ከድኻ አፍ ነጥቆ የሸጠው ሰው ከእኛው ወገን ነው። ሆኖም በሩ ሲዘጋ የሚራበው ሌባው አይደለም። የሌባውን እጅ መያዝ ድካም አለበት፥ በሩን መዝጋት ግን ይቀላል፤ ስለ ቀለለ ብቻ ፍትሕ ሊባል አይችልም።

ይህን ሁሉ ስንል የተቀባዩን ግዴታ አንረሳም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ የተጣለለት የዓባይ ግድብ ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮና ቦንድ፥ ከመንግሥትም ገንዘብ የተሠራ በመሆኑ፥ ርዳታው በታገደበት ጊዜም ሥራው ሳይቆም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያው በ2017 ዓ.ም. ግን በሩቅ አገር በተጻፈ አንድ ፊርማ በሺህ የሚቈጠሩ የጤና ሠራተኞቻችን ሥራቸውን አጡ። ሁለቱን አስተያይቶ ማሰብ ለአስተዋይ ሰው ይበቃል።

መቀናጀት አያሳፍርም፤ አንድ በሬ ያለው ሰው ያለ ባልንጀራ ሊያርስ አይችልምና። ነገር ግን ብልኅ ገበሬ በተቀናጀባቸው ዓመታት ሁሉ በጓሮው ወይፈን ያሳድጋል። ባልንጀራው እስከ መጨረሻው ቢታመንለት ያመሰግነዋል፤ ቢከዳውም መሬቱ ጦሙን አያድርም። የሚሰጡት የጀመሩትን እንደ አደራ ይጠብቁ፤ የምንቀበለውም ወይፈናችንን እናሳድግ።