ሁለት ድኾች በአንድ እርሻ፤ ስለ አገሬው ሠራተኛና ስለ መጻተኛው ሠራተኛ የተጻፈ ምክር

በዚህች ትንሽ ጽሑፍ የምናገረው ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውም በየሠራተኛው ሰፈር፣ ከጸሎትም በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚነሣ ነው፤ ይኸውም፣ «በአገሩ የተወለደ ሰው ከሌላ አገር ከመጣው ሰው አስቀድሞ ሥራና ደመወዝ ሊያገኝ አይገባውምን?» የሚል ነው። ብዙ ሰዎች ይህ የዓለም ጉዳይ ነው ብለው ይተዉታል። እኔ ግን የነፍስ ጉዳይ ነው እላለሁ፤ በዚህ ነገር ወንድሙን የጠላ ሰው በእሑድ ዝማሬ ጥላቻውን ሊሸፍነው አይችልምና።

ነገሩን ከሩቅ እንዳንነጋገረው በላይኛው አዋሽ ሸለቆ ያለውን የሸንኮራ አገዳ ሥራ እንመልከት። ያ ምድር አገዳ ሳይተከልበት የከብት አርቢዎች መሰማሪያ ነበረ፤ በወንጂ በኩል የጂሌ ኦሮሞ፣ በመተሐራም ሜዳ የከረዩ ኦሮሞ ከብቶቻቸውን ከወንዙ ያጠጡ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. ቀድሞ በጃቫ ደሴት አገዳ ያለማ የነበረ የሆላንድ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ መጣ፤ በ1954 የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማውጣት ጀመረ፤ በ1962 በአጠገቡ የሸዋ ፋብሪካ ተጨመረ፤ ከዚያም በመተሐራ ሌላ ተተከለ። በ1975 ሁሉንም መንግሥት ወረሰው። ነገር ግን አገዳ በራሱ ወደ ፋብሪካ አይሄድምና ቈራጭ ያስፈልገው ነበር፤ ቈራጮቹም ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ይመጡ ጀመር። በዚያ አገር ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ ነው፤ አባት ለልጆቹ የሚያካፍለው የእንሰት ጓሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ ስላነሰ፣ ጐልማሳው ክረምቱ ሲወጣ ጨርቁን ጠቅልሎ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

እንግዲህ በዚህ ምድር አገሬው ማን ነው? ከቀደሙት ቈራጮች አያሌዎቹ በዚያው ቀርተው ትዳር ይዘው ልጆች ወልደዋል። ዛሬ አዲስ የመጣውን ቈራጭ «መጤ» ከሚሉት ሰዎች መካከል አያቶቻቸው በዚያው መንገድ፣ በዚያው ረኃብ የመጡ አሉ። ከሁሉ ይልቅ «ምድሩ የእኔ ነበረ» ሊል የሚገባው መሰማሪያውን ያጣው ከብት አርቢ ነው፤ እርሱም ቢሆን ምድሩን የወሰደበት ገጀራ የያዘው ድኻ አይደለም። ስለዚህ «መጤ» የሚለውን ቃል ከአፋችን ከማውጣታችን በፊት የአባቶቻችንን መንገድ ብናስታውስ መልካም ነው።

ይሁን እንጂ የአገሬውን ሠራተኛ ብሶት ሐሰት ነው ብዬ አልንቅም። እርሱ እንዲህ ይላል፤ «እኔ የቤት ኪራይ እከፍላለሁ፤ ልጆቼን አስተምራለሁ፤ አሮጊት እናቴን እጦራለሁ። ይህ ሰው ግን ከአሥር ጓደኞቹ ጋር በአንድ ክፍል ያድራል፤ ቆሎ ቆርጥሞ ይውላል፤ በግማሽ ዋጋም ይሠራል። እኔ ደመወዝ ይጨመርልኝ ስል ካቦው፣ ‹ካልፈለግህ ተወው፤ በመኪና የሚመጣ ሌላ አለ› ይለኛል።» ይህን የሚናገር ሰው አልዋሸም። በልጁ ጉሮሮ ላይ የመጣ ነገር ስለ ሆነ መቈጣቱም አይደንቅም። የሚሳሳተው ቍጣውን በሚጥልበት ስፍራ ነው። ያንን ግማሽ ዋጋ የወሰነው መጤው አይደለምና። ዋጋውን የወሰነው ረኃብ ነው፤ ረኃቡንም እንደ ሚዛን ድንጋይ አድርጎ የሚጠቀምበት ሰው ነው። ሁለት ድኾች እርስ በርሳቸው ሲናከሱ ሦስተኛው ትርፉን በጸጥታ ይቈጥራል።

የእግዚአብሔር ሕግ ይህን ክፋት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24ን ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሙሴ ስለ ድኻው ምንደኛ ባዘዘ ጊዜ የእስራኤልን ልጅና በአገሩ የሚኖረውን መጻተኛ በአንድነት ጠራቸው፤ ለሁለቱም ፀሐይ ሳይገባ ዋጋቸው እንዲሰጣቸው አዘዘ። ለአገሬው አንድ ዋጋ፣ ለመጻተኛው ሌላ ዋጋ አላደረገም። ይህ ርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ታላቅ ጥበብም አለበት። የደካማውን ዋጋ የሚነካ እጅ ነገ የጠንካራውንም ይነካልና። የአገሬው ሠራተኛ «መጤው ይባረር» ብሎ ቢጮኽ ምን ያተርፋል? በማግሥቱ ሌላ የተራበ ሰው በሌላ መኪና ይመጣል። ነገር ግን «ይህ ሰው እንደ እኔ ይከፈለው» ብሎ ከጐኑ ቢቆም፣ ዋጋን ለማርከስ የተራበ ሰው የሚፈልግ ሁሉ መጠቀሚያውን ያጣል። ስለዚህ የራስህን እንጀራ የምትጠብቀው የመጻተኛውን እንጀራ በመጠበቅ ነው።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 አሠሪ በብሔር ወይም በሃይማኖት በሠራተኞች መካከል እንዳያዳላ ይከለክላል፤ ሠራተኞችም ማኅበር እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ነገር ግን ፊደል ላልቈጠረ፣ የአገሩንም ቋንቋ ላላወቀ የወቅት ሠራተኛ ይህን ሕግ የሚያነብለት ማን ነው? ፊደል የቈጠርን ክርስቲያኖች አይደለንምን? እኔስ ፊደል ማወቄን ለምን ነገር ዋልሁበት? ይህን ስጠይቅ የራሴን በደል ልሰውረው አልችልም።

ከአገዳ እርሻዎች በአንዱ አጠገብ ባለች መንደር በወንጌል አገልግሎት ነበርሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ተማርሁ የመንደሩ እድር ጸሐፊ አድርጎ መርጦኝ ነበር። በአንድ የመከር ወራት አንድ ወጣት ቈራጭ በንዳድ ታሞ በሦስተኛው ቀን ማታ ሞተ። ሦስት ጓደኞቹ በሌሊት ወደ እድሩ ዳኛ ቤት መጥተው ድንኳንና ቃሬዛ እንድንሰጣቸው፣ ለቀብርም እንድንቆምላቸው ለመኑ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ዳኛው «በመዝገብ አለን?» ብሎ ጠየቀኝ፤ መዝገቡን ገልጬ «የለም» አልሁ። «ደንቡ ምን ይላል?» አለኝ፤ መዋጮ ያልከፈለ ሰው ከእድሩ አገልግሎት እንደማያገኝ የተጻፈውን አንቀጽ ምንም ሳልደናቀፍ አነበብሁ። ሽማግሌዎቹ ጨካኞች አልነበሩም፤ እነርሱም ድኾች ናቸው፤ ለመጣው ሁሉ ብንሰጥ ሣጥኑ ይራቈታል ብለው ፈሩ። ከየኪሳቸውም ጥቂት ብር አዋጥተው ሰጧቸው። ሲነጋ ጓደኞቹ ሟቹን በሁለት አጣናና በጆንያ በተሠራ ቃሬዛ ተሸክመው ሄደው ቀበሩት። ከመንደራችን አንድም ሰው አልተከተለም። እነርሱም ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ እርሻው ሄዱ፤ የዚያን ቀን ድርሻቸውን ካልቈረጡ ዋጋ የላቸውምና።

በእሑድ ከጸሎት በኋላ ከሦስቱ አንዱ ወደ እኔ መጣ። በመሐረብ የተቋጠረ ነገር በጠረጴዛዬ ላይ አኑሮ፣ «ጋሼ፣ የሰጣችሁንን ብር መልሰን አምጥተናል። እኛ የለመንነው ሰው ነበር እንጂ ብር አልነበረም» አለኝ። ከዚህ በላይ አንድ ቃል ሳይጨምር እጅ ነሥቶ ወጣ። ያን ቋጠሮ ስፈታው እጄ ተንቀጠቀጠ። የካህናት አለቆች በይሁዳ ሠላሳ ብር ያደረጉትን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 27 ብዙ ጊዜ ሰብኬ ነበር፤ በዚያ ብር የሸክላ ሠሪውን መሬት የእንግዶች መቃብር እንዲሆን ገዙ። ጌታን ለሞት አሳልፈው የሰጡት ሰዎች እንኳ እንግዳ መቃብር እንደሚያስፈልገው አልዘነጉም። እኔ ግን የጌታ አገልጋይ ነኝ እያልሁ መዝገብ ገልጬ «የለም» አልሁ።

ደግሞ አባታችን አብርሃምን አሰብሁ። ሣራ በሞተችበት ቀን በኬብሮን መጻተኛ ነበረ፤ አንዲት ስንዝር መሬት አልነበረውም። ኬጢያውያን የአብርሃምን አምላክ የማያመልኩ ሲሆኑ፣ በዘፍጥረት ምዕራፍ 23 እንደ ተጻፈ፣ ሬሳውን እንዲቀብር በአክብሮት ተቀበሉት። ኬጢያዊው የመጻተኛውን ኀዘን ካወቀ፣ የተጠመቀ ሰው እንዴት አያውቅ?

ከዚያ በኋላ ነገሩን ለእድሩ አቀረብሁ፤ ክርክሩም ብዙ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ የወቅት ሠራተኛ በመንደሩ በሚቀመጥባቸው ወራት ብቻ መዋጮ እንዲከፍል፣ እድሩም እንደ ማንኛውም አባል እንዲቀብረው ተወሰነ። ስለዚህ ነገር ሁለት አባሎች እድሩን ትተው ወጡ። ሣጥኑ ግን አልተራቈተም፤ ቈራጮቹ መዋጯቸውን በጊዜው ይከፍላሉና። ያ ወጣት ግን ከዚህ ሥርዐት አልተጠቀመም፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ልቤ ያዝናል።

ወንድሞች ሆይ፤ ይህን ፍርድ የምንሰፍርበት መስፈሪያ በእጃችን አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ መጻተኞችን ባባረረች ጊዜ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ተመለሱ። ያን ጊዜ በየቤተ ክርስቲያኑ አለቀስን። ልጆቻችን ተደበደቡ፣ ደመወዛቸው ተከለከለ፣ ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ ታገተ ብለን ወደ እግዚአብሔር ጮኽን፤ መጮኻችንም ትክክል ነበረ። የዚያ አገር ሰው ግን «ይህ አገር የእኔ ነው፤ መጤ ምን መብት አለው?» ሲል ያስቈጣን ቃል በመንደራችን ከእኛ አፍ ሲወጣ ለምን አያሳፍረንም? ልጅህ በሪያድ እንዲደረግላት የምትፈልገውን ለከምባታው ልጅ በአዋሽ አድርግለት።

ምናልባት ከአንባቢዎች አንዱ፣ «ሥራው አንድ፣ ፈላጊው ሁለት ቢሆን ምን እናድርግ?» ይለኝ ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። ወንጌል አገሬው ሁልጊዜ እንጀራውን ትቶ እንዲሄድ አላዘዘም፤ የቤተ ሰቡን ጉዳይ ማሰብ ለሰው ሁሉ ተገቢ ነው። ሥራውን በችሎታህና በትጋትህ ብታገኘው በደል የለብህም። ነገር ግን በሐሰት ወሬ፣ በዛቻ፣ በዱላ ወይም ለካቦ በሚሰጥ ጉቦ ካገኘኸው ያ እንጀራ የተሰረቀ ነው።

እንግዲህ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ልናገር። አገሬው ሠራተኛ ሆይ፤ መጻተኛውን በስሙ ጥራው፤ የመንደሩን ውሃና መንገድ አሳየው፤ ሚዛኑ ሲያጭበረብረው ምስክር ሁንለት፤ ወደ ሠራተኞች ማኅበርም አስገባው። መጻተኛው ሠራተኛ ሆይ፤ አንተም ባልንጀራህን ለማስወጣት በስውር ከዋጋው በታች አትዋዋል፤ የተቀበለህን አገር ሽማግሌዎች አክብር፤ ቋንቋቸውን ተማር፤ መሰማሪያውን ያጣውን ከብት አርቢም አትናቅ። ካቦና ደላላ ሆይ፤ ከድኻው ድርሻ የምትቀንሳት ሳንቲም በሰማይ ትቈጠራለች፤ በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ያለውን ስለ አጫጆች ጩኸት የተጻፈውን አንብብ። ባለጠጋ ሆይ፤ አንዱን ድኻ በሌላው ድኻ ላይ እንደ ጅራፍ አታንሣ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ በገባ ጊዜ ያረፈው በአቂላ ቤት ነበረ። አቂላ በጳንጦስ የተወለደ፣ ቀላውዴዎስ ቄሣር አይሁድን ከሮሜ ሲያስወጣ የተሰደደ ድንኳን ሰፊ ነበር፤ ጳውሎስም በዚያው ሙያ አብሮት ተቀምጦ ሠራ። ይህን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 እናገኛለን። አንድ ሙያ ያላቸው ሁለት ሰዎች ገበያ ይሻሙብኛል ብለው ሳይፈራሩ በአንድ ቤት መርፌያቸውን አነሡ፤ ከዚያም ቤት ወንጌል ወጣ። የእኛም የአገዳ መንደር እንዲህ ያለ ቤት ሊሆን ይችላል። በመጨረሻው ቀን ሁላችን ከምድራችን ተነሥተን ወደ ሌላ መንግሥት ደጅ እንቀርባለንና፣ በዚያ ደጅ መዝገብ ተገልጦ ስማችን ሲፈለግ «የለም» እንዳይባልብን ዛሬ ለመጻተኛው ወንድማችን እንቁምለት። የሰላም አምላክ ለዚህ ሥራ ልባችንን ያዘጋጅ። አሜን።