የምታየው ውበት የማን ሰፈር ነው?

  («አንተ» እያልኩ ብጽፍም እህቶቼን ጨምሬ ነው።)

ሞተር የምትወድ ከሆነ የዚህን መንገድ ቪዲዮ ሳታይ አትቀርም። ስኮትላንድ ውስጥ ከኢንቨርነስ ከተማ ይነሳና ወደ ምዕራቡ ባሕር ይወጣል፤ የሰሜኑን ጠረፍ ይዞ ጆን ኦ ግሮትስ ይደርሳል፤ ከዚያ በምሥራቅ ዞሮ እዚያው ኢንቨርነስ ይመለሳል። ኖርዝ ኮስት 500 ይሉታል። ስሙ 500 ማይል ይበል እንጂ 516 ነው፤ 830 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንገዶቹ ድሮም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን የቱሪስት መስመር ተብሎ ስም ወጣለትና ሰው ጎረፈበት።

አፕልክሮስ ወደምትባለው መንደር የሚያሻግረው ተራራ 626 ሜትር ላይ ያወጣሃል፤ መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። አናቱ ላይ ስትደርስ ባሕሩና ደሴቶቹ ከሥርህ ይዘረጋሉ። ሄልሜትህ ውስጥ ሆነህ «ሱብሓነላህ» ትላለህ። በሰኔ ደግሞ ሌሊቱ በደንብ አይጨልምም፤ እዚያ የዒሻን ሰዓት መለየት ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፣ ለሌላ ጁሙዓ ይቆየን።

ዛሬ የማነሳው ስለ መንገዱ ስፋት ነው። በብዙ ቦታ ለአንድ መኪና ብቻ ነው የሚበቃው። ስለዚህ በየተወሰነ ርቀት ጠርዙ ሰፋ ተደርጎ ማሳለፊያ ተሠርቷል፤ ምልክትም ቆሞለታል። ከፊትህ መኪና ሲመጣ ማሳለፊያው በግራህ ከሆነ ትገባለህ፤ በቀኝህ ከሆነ ትይዩው ላይ ቆመህ ትጠብቃለህ። ቁልቁል የምትወርድ ከሆንክ፣ ከቻልክ ሽቅብ ለሚወጣው ትለቃለህ። ብዙ እንግዳ የሚረሳው ግን ሌላ ነው፦ ማሳለፊያው ከኋላህ ያለውንም ለማሳለፍ ነው። መኪና ማቆሚያ አይደለም። (ፈተናው ግን ጥሩ ፎቶ የሚነሳበት ቦታ ብዙ ጊዜ እዚያው መሆኑ ነው።)

እንግዲህ አስበው። ሞተርህን ቀስ አድርገህ እየነዳህ፣ ባሕሩን እያየህ ትሄዳለህ። በመስታወትህ አንድ ቫን ይታይሃል። የሰፈሩ ሰው ነው። ምናልባት ወደ ሥራው፣ ምናልባት በሽተኛ ይዞ ኢንቨርነስ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል። አንተም «አምስት ደቂቃ ቢዘገይ ምን ይሆናል?» ትላለህ። ማንንም አልገጨህ፣ ማንንም አልሰደብክ። በደል ነው?

አምስት ደቂቃዋን ብቻዋን ከመዘንካት እውነትም ቀላል ናት። ከአንተ በፊት ግን ሌላ ነበር፣ ከአንተ በኋላም ሌላ ይመጣል። ለአንተ በዕድሜህ አንድ ጉዞ ነው፤ ለሰውዬው ክረምቱ ሙሉ ነው። ዴሬክ ፓርፊት የተባለ እንግሊዛዊ ፈላስፋ በ1984 ባሳተመው መጽሐፉ ከዚህ የከበደ ምሳሌ አቅርቧል፦ አንድ ሺህ አሠቃዮች እያንዳንዳቸው አንድ ቁልፍ ይጫናሉ። የአንዱ ቁልፍ የሚጨምረው ሕመም ማንም የማይሰማው ነው። ሲደማመር ግን ሰቆቃ ነው። እያንዳንዱ «እኔ ማንን ጎዳሁ?» ይላል። የፓርፊት መልስ፣ የራስህን ድርጊት ብቻ ነጥለህ አትጠይቅ፣ አብራችሁ የምታደርጉትን ጠይቅ የሚል ነው።

«ቱሪስት እኮ ገንዘብ ያመጣላቸዋል» የሚል አለ። እውነት ነው፤ ሆቴሉም ማደያውም ይጠቀማል። ግን ገንዘቡን የተቀበለው ባለ ሆቴሉ፣ ጊዜው የተወሰደበት ደግሞ ባለ ቫኑ ነው። የዘይድን ዕዳ ለዐምር ከፍለህ ነፃ አትወጣም።

«እንግዲያስ አልሂድ?» አትበለኝ፤ እሱን አላልኩም። ሂድ፣ እይ። እኔን የሚያሳስበኝ መሄዱ ሳይሆን ዓይናችን ነው፤ ውበቱን እያየ ሰዉን የሚያስቀር ዓይን።

በሰሜኑ ጠረፍ ቤቲሂል የምትባል መንደር አለች። አጠገቧ የኔቨር ወንዝ ሸለቆ አለ፦ አረንጓዴ፣ ጸጥ ያለ፣ ሰው የማይበዛበት። ሞተርህን አጥፍተህ ብትቆም «ሰው ያልነካው ምድር» ትላለህ። ግን ሰው ይኖርበት ነበር። በ1814 እና በ1819 የሰዘርላንድ ባለርስቶች፣ መሬቱ ለበግ እርባታ ይሻላል ብለው ገበሬውን ከዚያ ነቀሉት፤ ቤቶች ተቃጠሉ። ከፊሉ ወደዚህ ጭንጫ ጠረፍ ወረደ፣ ከፊሉ ባሕር ተሻግሮ ሄደ። ቤቲሂል የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከባለርስቷ፣ ከሰዘርላንዷ ኤልሳቤጥ ነው። የተፈናቃዮቹ መንደር ባፈናቀለቻቸው ሴት ስም ትጠራለች። ጸጥታው ታሪክ አለው።

የአንተ አምስት ደቂቃና የተቃጠለ ቤት እኩል ናቸው አላልኩም፤ እንዲህ ብል ዋሸሁ። ግን ባለርስቱም ምድሩን ያየው ያለ ሰዎቹ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ ዳር ለሚቀመጡ ሰሓቦች መንገድ ሐቅ እንዳለው ነግረዋቸዋል፤ ዓይንን መስበር፣ የሚያውክን ነገር ማስወገድ፣ ሰላምታን መመለስ ከሐቁ ናቸው። ተቀምጦ ለሚያወራ ይህ ከተባለ፣ መንገዱን ሞልቶ ለሚሄድ እንዴት አይባልም?

ስለዚህ በቡድን የምትሄዱ ከሆነ አሥር ሆናችሁ አትከታተሉ፤ ማሳለፊያው አሥር ሞተር አይይዝም። ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ሁኑ። መስታወትህን ቶሎ ቶሎ እይ። ቫኑ ሲመጣ ገብተህ ቁም። ሲያልፍ ሹፌሩ ከመሪው ላይ እጁን ከፍ ያደርጋል፤ የዚያ አገር መንገድ ሰላምታ እሱ ነው። አንተም ጓንትህን እንዳደረግህ እጅህን አንሣለት። ከመነሳትህ በፊት ግን ከኋላው ሌላ መኪና እንዳለ ተመልከት።