በኖራ ሥር ያሉ ቅዱሳን

መልካም ነገር ለማስፋፋት ሲባል ሌላውን መልካም ነገር መሸፈን ይገባልን? በእንግሊዝ አገር ኖርፎክ ውስጥ የምትገኝ ቢንሃም የተባለች ትንሽ የገጠር መንደር ይህን ጥያቄ በአንድ ሳንቃ ላይ ይዛ ትኖራለች።

የመንደሯ ቤተ ክርስቲያን ቀድሞ የቤኔዲክታውያን መነኮሳት ገዳም ነበር። የተመሠረተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1091 ገደማ ነው። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የአገሩን ገዳማት ሲዘጋ በ1539 መነኮሳቱ ተበተኑ፤ ሕንፃውም ፈርሶ ድንጋዩ ተሸጠ። የተረፈው ሕዝቡ ይጸልይበት የነበረው ምዕራባዊው ክፍል ብቻ ሲሆን እስከ ዛሬ የመንደሩ አጥቢያ ሆኖ ያገለግላል።

በውስጡ ከቀድሞው የእንጨት ግርዶሽ የተረፉ ሳንቃዎች አሉ። ቅዱሳን ተሥለውባቸው ነበር። የተሐድሶ ሰዎች ሥዕሉን ኖራ ቀቡትና በ1539 ከታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በጥቁር ፊደል ጻፉበት። ከብዙ ዘመን በኋላ ኖራው እየተላጠ፣ በፊደላቱ መካከል የቅዱሳኑ ፊት ብቅ አለ።

በጸሐፊው ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም። ሕዝቡ ለዘመናት በማያውቀው በላቲን ሲነበብለት የኖረውን ቃል በገዛ ቋንቋው ማቅረቡ ትልቅ ስጦታ ነው። ነገር ግን ፊደል ያልቆጠረችውን የመንደር እናት እናስባት። ትናንት የምታውቀው ፊት ነበረ፤ ዛሬ ማንበብ የማትችለው ጥቁር መስመር ሆነ። ቃሉ ለእርስዋ ቀረበ እንላለን ወይስ ራቀ? ደግሞም ለውጡ በመንግሥት ትእዛዝ የመጣ እንጂ እርስዋ ተጠይቃ የተስማማችበት አልነበረም። የምንቃወመው ይህን ነው፤ ጽሕፈቱን አይደለም።

አሁን ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ ለማየት ፊደሉን መፋቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ወጣት፣ ቀድሞ የነበረው ሥዕሉ ስለሆነ ይፋቅ ይል ይሆናል። እኛ አንስማማም። እንዲህ ቢደረግ የፊተኛው ሰው ያደረገውን መልሰን ማድረጋችን ነው፤ ልዩነቱ እርሱ ብሩሽ መያዙ፣ እኛ ቢላዋ መያዛችን ብቻ ይሆናል። እርሱስ ቢሆን ሳንቃውን በመጥረቢያ ሊፈልጠው ይችል ነበር።

ዛሬ ወደዚያ የሚገባ ሰው ጥቅሱን እያነበበ ሳለ፣ ከመስመሮቹ መካከል የቆሰለው ክርስቶስ ይመለከተዋል።