ለማወቅ ስንል የምንጎዳው

ባለፈው ጥቅምት ስለ ንብ ትጋት ለወጣቶች ፕሮግራም አጭር ቪዲዮ ልሠራ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ገጠር፣ አጎቴ ዘንድ ሄድሁ። ማታ ማታ የቀፎውን ክዳን ከፍቼ የስልኬን መብራት አበራ ነበር። አጎቴ «ተው ልጄ፣ ቤታቸው እኮ ነው» አሉኝ። «ለጌታ ሥራ ነው» ብዬ ሦስት ሌሊት ደጋገምሁት። በአራተኛው ቀን ቀፎው ባዶ ነበር፤ ንቦቹ ኮብልለዋል። የልጆቻቸው ደብተር የሚገዛው ከዚያ ማር ነበር። ቪዲዮው ግን አማረ፤ ብዙዎች «ተባረክ» አሉኝ።

በቪዲዮው ውስጥ «ንብ ሥራዋን አትተውም» እላለሁ። እነዚያ ንቦች ግን ሥራቸውን ትተው ሄደዋል፤ ያስተዋቸውም የእኔ መብራት ነው።

ወገኖቼ፣ ለመልካም ዓላማ ብለን ፍጥረትን መጉዳት ይፈቀድልናልን? ጌታችን ሰው ከድንቢጥ እንደሚበልጥ አስተምሯል፤ በዚያው ትምህርቱ ግን አንዲት ድንቢጥ እንኳ በእግዚአብሔር ዘንድ እንደማትረሳ ተናግሯል።

የእንስሳትን ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎችም ይህ ጥያቄ ገጥሟቸዋል። ፔንግዊን የተባሉትን የባሕር ወፎች አንዱን ከአንዱ ለመለየት ክንፋቸው ላይ የብረት ቀለበት ያስሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የ10 ዓመት ጥናት ግን የታሰሩት ካልታሰሩት ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ16 በመቶ፣ ያፈሯቸው ጫጩቶችም በ39 በመቶ ያነሱ መሆናቸውን አሳየ። እንግዲህ በቀለበቱ የተሰበሰበው እውቀት ስለ ወፉ ብቻ ሳይሆን ስለ ቀለበቱም ጭምር ነበር። ርኅራኄ የጎደለው መሣሪያ እውነትንም ያዛባል።

ሌላም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ካርል ፎን ፍሪሽ ንቦችን ያጠናው ግድግዳው መስታወት በሆነ ቀፎ ነበር። ንብ ቀይ ቀለም እንደማታይም አረጋግጧል፤ ስለዚህ ዛሬ ተመራማሪዎች የቀፎን ውስጥ በቀይ ብርሃን ማየት ይችላሉ። መሣሪያውን የወሰነው የንቧ ዓይን ነው።

በእኛው ክልል፣ በመንዝ ጓሳ፣ ተመራማሪዎች ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሰው እስኪለምዱ ድረስ በትዕግሥት አብረዋቸው ውለዋል። በዚህም ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎች መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ፣ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶ ያህል ብቻ እንደሚሳካለት አዩ። የሚሸሽ መንጋ ይህን ምሥጢር ባላሳየ ነበር።

እንስሳ ፈጽሞ አይነካ ማለቴ አይደለም። በባሌ ቀይ ቀበሮዎች ከእብድ ውሻ በሽታ እንዲድኑ ተይዘው ተከትበዋል። መያዙ ያስጨንቃቸዋል፤ ነገር ግን የተያዙት እንዲተርፉ ነው። የእኔ ንቦች የተጨነቁት እኔ እንድመሰገን ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

መጽሐፈ ምሳሌ ጻድቅን ከሚያሳውቁት ነገሮች አንዱ ለእንስሳው መራራቱ እንደሆነ ያስተምረናል። አዳምም ለእንስሳት ስም ያወጣው እግዚአብሔር ወደ እርሱ ባመጣቸው ጊዜ ነው፤ እያሳደደ አልነበረም።

ቪዲዮውን አጥፍቼ አጎቴን ይቅርታ ጠየቅሁ። አብረን አዲስ ቀፎ ሠርተን ሰቀልን። እስካሁን ንብ አልገባበትም። እናንተስ ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት «ይህ ለማን ነው?» ብላችሁ ታውቃላችሁ?