ከንፈር መምጠጥና ማጨብጨብ

የጎዳና ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲደንስ የምናጨበጭበው ለምኑ ነው? ለዳንሱ ወይስ ለታሪኩ?

አዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቲያትርን ባሰብኩ ቁጥር ይሄ ጥያቄ ይመጣብኛል። በ1996 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም 100 ያህል የጎዳና ልጆችን አሠልጥኖ አዲስ አበባ ላይ «ካርሚና ቡራና»ን አሳየ። አዱኛ የተወለደው ከዚያ ሥራ ነው።

«ለተራበ ልጅ ዳንስ ምን ይሠራለታል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የራበው መጀመሪያ ይብላ። ግን ዳቦ ብቻ የሰጠነው ልጅ ዕድሜ ልኩን እጃችንን እያየ ይቀራል። የዳንስ አሠልጣኝ ደግሞ ከልጁ የሚጠብቀው ነገር አለ፤ «አልሆነም፣ እንደገና!» ይለዋል። ከንፈር የሚመጥ ሰው እንዲህ አይልም። ላዘነለት ልጅ ሁሉም ነገር «ጎበዝ!» ነው። ለእኔ ግን ከዚያ «ጎበዝ» ይልቅ «እንደገና!» ክብር አለው። «ትችላለህ» ማለት ነዋ!

የአዱኛ ልጆች ውሎ አድሮ ራሳቸው አስተማሪ ሆኑ፤ ከአካል ጉዳተኞች ጋርም አብረው ደነሱ። ከመሃላቸው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 እ.ኤ.አ. በሮሌክስ የጥበብ ፕሮግራም ከጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር እንዲሠራ ተመረጠ። ተሺጋዋራ የፈለገው ደናሽ ነበር።

እና እንዲህ ያለ ትርኢት ስታዩ፣ ሥራው ካልጣማችሁ ጭብጨባችሁን ቆጥቡት። ለሌላው አርቲስት የምናደርገው እንደዚያ አይደል?