ሁለት ሰባተኛው የት ገባ?

30 ዲግሪ ባዘነበለ ጣውላ ላይ 0.2 ኪሎ ግራም የሚመዝን ድፍን የብረት ኳስ ተለቀቀ፤ 90 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ግርጌው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነው? ጥያቄው በጉልበትም በኃይልም ይፈታል። የጉልበቱ ሒሳብ አጭር ነው። የመሬት ስበት 10 ተብሎ ቢያዝ፣ ከ45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የተነሣው ኳስ 0.9 ጁል እምቅ ጉልበት አለው፤ ሁሉም ወደ እንቅስቃሴ ሲለወጥ ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሜትር ይሆናል። በኃይል ሲሰላም ኳሱን ቁልቁል የሚስበው 1 ኒውተን ነው፣ መልሱም ያው 3 ሜትር። ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ለማወቅ ግን የኃይሉ መንገድ ይቀናል።

የዚህ ሐተታ ጸሐፊ እዚህ ድረስ ያለ ጥርጣሬ መጣ። ችግሩ ኳስ የሚንከባለል እንጂ የሚንሸራተት አለመሆኑ ነው። እንዲንከባለል ሰበቃ ያስፈልገዋል፤ ሰበቃው ደግሞ ወደ ላይ ይጎትታል። እንግዲህ ኃይሉ «ፍጥነቱ ከ3 ያንሳል» ይላል፤ ጉልበቱ ግን «ምንም አልጠፋም» የሚል ይመስላል። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል ማለት ነው?

መጀመሪያ የተጠረጠረው ሙቀት ነበር፤ ሰበቃ ያሞቃልና። ይህ ብዙ ሳይቆይ ወደቀ። ሳይንሸራተት በሚንከባለል ኳስ ላይ ጣውላውን የነካችው ነጥብ ለዚያች ቅጽበት ቆማለች፤ በቆመ ነጥብ ላይ ሰበቃ ሥራ አይሠራም። ሰበቃው ዜሮ ነው ብሎ ማምለጥም አይቻልም፤ ያለ እሱ ኳሱ አይሽከረከርም።

መልሱ የተገኘው ኳሱ ላይ በጠመኔ ምልክት ተደርጎ ሲታይ ነው። ምልክቱ ከኳሱ ጋር ከመውረዱ ሌላ በመሃሉ ዙሪያ ይዞራል፤ መዞሩም ጉልበት ይፈልጋል። ስሕተቱ ስሌቱ ውስጥ ሳይሆን 0.9 ጁሉ ሁሉ ለመውረድ ብቻ ይውላል በሚለው ግምት ውስጥ ነበር። ለድፍን ኳስ የመሽከርከሩ ድርሻ የመውረዱ ሁለት አምስተኛ ነው፤ ስለዚህ ከሰባት እጅ አምስቱ፣ ማለትም 0.64 ጁል፣ ለመውረድ ይውላል፣ 0.26ቱ ለመሽከርከር። ፍጥነቱ በሰከንድ 2.54 ሜትር ገደማ ነው።

የኃይሉም መንገድ እዚያው ያደርሳል። ኳሱን ለማሽከርከር ሰበቃው ከ1 ኒውተኑ ሁለት ሰባተኛውን፣ ወደ 0.29 ኒውተን፣ ይይዛል፤ የተረፈው 0.71 በ0.9 ሜትር ሲባዛ 0.64 ጁል ይሰጣል። ሰበቃው ጉልበት አላጠፋም፤ ከመውረድ ቀንሶ ለመሽከርከር አዛወረ እንጂ። የሚያስገርመው የኳሱ ትልቅነትም ክብደትም ፍጥነቱን አለመለወጡ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ኳስ ግን ይዘገያል፤ ክብደቱ ሁሉ ከመሃል ስለራቀ ለመሽከርከር ከአምስት እጅ ሁለቱን ይወስዳል።

ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 በታተመው መጽሐፉ ላይ የነሐስ ኳስ በተዳፋት ቦይ እያንከባለለ ጊዜውን በተንቆረቆረ ውሃ ክብደት እንደለካ ይተርካል። ርቀቱ በጊዜው ካሬ ልክ እንደሚያድግ አገኘ። መንከባለሉ ሁሉንም ርቀት በአንድ ቁጥር ስለሚቀንስ ይህ ሕግ አልተነካም። መንከባለሉን ረስቶ ከዚያው ልኬት የመሬት ስበትን ለማውጣት የሚሞክር ሰው ግን ውጤቱ ቢያንስ ሁለት ሰባተኛ ይጎድልበታል።